ከወርዱ አንድ ስንዝር

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ እናታችን ሁሉም ደህና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ። እጄም እንደ ድሮው ነው፤ ጨርቅ ከማቅለሙ የተነሣ ከክርኔ በታች ሰማያዊ ነው፣ ቢያሹት አይለቅም። ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር እያፏጨች ታስቀኛለች።

እዚህ ባግሩ መንደር ዝናቡ ቆሟል። የዋርሳዬ የሴዱ ሠርግ ለመጪው ረቡዕ ተቆርጧል። ካህኑ ከዚህ ካለፈ ብርዱ እስኪወጣ ድረስ የተባረከ ቀን የለም ብለዋል። የሙሽራዋ ቤተሰቦችም ሁለት ጊዜ ታግሠውናል፤ ሦስተኛ አይታገሡም።

ባለፈው ሰኞ ከሱራት ከተማ አንድ ሰው መጣ። የልጄ አባት ከሚሠራበት ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው አሉ። አባባ፣ ማለቴ የባለቤቴ አባት፣ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ ሄደው እዚያው አነጋግረው ሸኙት። እንግዳ ሻይ ሳያጠጡ የሚሸኙ ሰው አልነበሩም። ምን አለ ብዬ ስጠይቅ ፊታቸውን ወደ ቀለሙ ጋን አዙረው፣ የልጅሽ አባት ሥራ በዝቶበታል፣ ለሠርጉ አይደርስም፣ አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ጎንበስ ብዬ የአማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ እግር ነካሁ። እሳቸውን ታውቂያቸው የለ፤ ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ እያሉ ይሰድቡኛል እንጂ ምርቃት አያስቀሩብኝም። ከባልሽ ጋር ሸምግዪ፣ ቀይ እንደለበስሽ ሙቺ ይሉኛል ሁልጊዜ፤ ቀይ ባል ያላት ሴት ልብስ ነውና። የዚያን ቀን እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ብቻ አሉ። የቀረውን ጎንበስ እንዳልኩ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ተነሥቼ ድስት አጠብኩ።

ከዚያ አባባ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለውን የእንጨት ማኅተም ከመደርደሪያው አወረዱ፤ ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶች ሳሪ የምናትምበትን። ያንን ማኅተም ለገበያ አትመንበት አናውቅም። እከሊት፣ የእከሌ ሚስት፣ ከእከሌ መንደር ተብሎ ስሟ ካልተጠራ በቀር ጨርቅ አይነካም። ከፊት መሸፈኛዬ ሥር ሆኜ ለማን ነው አልኩ። ለአንዲት ሴት ነው አሉኝ። ስሟስ ብላቸው፣ አትሚ ዝም ብለሽ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ከወርዱ አንድ ስንዝር ቁረጪና ጠርዙን እጠፊው፣ መሬት እንዳይጎተትባት፣ አሉኝ።

እትዬ፣ በዚህ ቤት ከሳሪዋ ወርድ ስንዝር የሚቆረጥላት ሴት አንዲት ብቻ ናት። ይቺ ለመሐረብ እንጂ ለሳሪ አልተፈጠረችም እያለ የልጄ አባት በሰው ፊት በማጠሬ ሲያሾፍብኝ አንቺም አብረሽው ስቀሻል።

ቆረጥኩ። ማኅተሙን ጥቁሩ ቀለም ላይ ማሳረፍ፣ ጨርቁ ላይ ማስቀመጥ፣ በቡጢ መምታት፣ ማንሣት። አንዱም አልተዛነፈብኝም። እጄ ሲሠራ እኔ ከዳር ቆሜ የማየው ይመስለኝ ነበር። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እንባው ግን የት እንዳለ አላውቅም። የተሰማኝ ረሃብ ብቻ ነው። ቂጣ በሽንኩርት በላሁ፤ ጣፈጠኝ፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሠራሁ። ወገብ ውስጥ ተጠቅልሎ ሰው በማያየው ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ አበባ መታሁ። በዚያ ሳሪ ላይ ቀይ አይነካም። አባባ ሊያዩት መጡ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንድም ጨርቅ ሳይነቅፉ አሳልፈውልኝ አያውቁም። ያቺ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ። ጥሩ ነው አሉና ወጡ።

ለምን ፊት ለፊት አልጠየቅሻቸውም ትይኝ ይሆናል። ከጠየቅሁ ይነግሩኛል። ከነገሩኝ ቤቱ የለቅሶ ቤት ይሆናል፣ የሴዱ ሠርግም ይቀራል። እኔም ካልጠየቅሁ እስከ ረቡዕ ድረስ የሰው ሚስት ነኝ።

ትናንት እንደ ሠርጉ ወግ ሙሽራውን እርድ ቀባነው። ሙሽራ የሚቀቡት ባል ያላቸው ሴቶች ብቻ ናቸው፤ አማቴ ክንዴን ይዘው ከፊት አቆሙኝ። ሴዱ ዓይኔን ማየት አቃተው። ጎረቤቶቻችን ሙሽራው አፈረ ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጉንጩን ስቀባው እርጥብ ነበር። ዓይንህ ውስጥ ገባብህ እንዴ አልኩት። አዎ አለኝ። ከኋላዬ አማቴ ከሁሉ በላይ ጮኸው ይዘፍኑ ነበር። ለአንዱ ልጃቸው እየዘፈኑ የሌላውን ለቅሶ ውጠውታል፤ ከራሴ ይልቅ ለእሳቸው አዘንኩ።

ለሠርጉ አትምጪ። ሐሙስ ነይ፤ እናታችንንም ይዘሻት ነይ። ቀዩን ሳሪሽን እዚያው ተይው። መርዶው ሲነገረኝ እንደ አዲስ መስማት ይኖርብኛል፤ ያን ጊዜ ከአጠገቤ ሁኚ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። እግዜር ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ከባልሽ ጋር ሸምግዪ፣ ቀይ እንደለበስሽ አርጂ። ይህን ምርቃት ቶሎ ተቀበዪኝ፤ ከእኔ አፍ የሚሠራው እስከ ረቡዕ ነው።

ታናሽ እህትሽ