ግድግዳ የሌለው እሳት

ለተከበሩት የከተማችን የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሳንባዎ እንዴት ነው? ዓይንዎንስ ጭሱ አልቆጠቆጠዎትም? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ያለ እንከን እንደሚሠራ ጸሐፊዎ ለጎረቤቴ፣ ጎረቤቴ ደግሞ ለእኔ ስላጫወተችኝ በዚህ በኩል ሐሳብ አልገባኝም። እኛም ደህና ነን፤ ያልተቃጠልነው ማለቴ ነው።

የእህቴን ባል ከባልደረቦቹ ጋር የሩቁን ደን እሳት እንዲያጠፋ በላኩት ጊዜ ለዋሉለት ውለታ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ በመቅረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ውለታዎ ብዙ ነውና በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ስለ መኪናው አመሰግናለሁ። የመንገድ ዳር ቧንቧ ላይ ብቻ የሚገጠም ቱቦ አስጭነው ቧንቧ ወደሌለበት ጫካ ሰደዷቸው። እንደደረሱ «የትኛው ዛፍ ነው የሚከፈተው?» እየተባባሉ ሲሳሳቁ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ሁለተኛ፣ ስለ ካናቴራው። ለሕንፃ እሳት የተሠራው ከባድ ካፖርት ዳገቱ ላይ ራሳቸውን እያዞረ ሲጥላቸው፣ ሌላ ልብስ ስላልነበራቸው፣ በሽኝቱ ዕለት በገዛ እጅዎ ያደሏቸውን «ሕዝብ ይኮራባችኋል» የሚል የናይለን ካናቴራ ለብሰው መሥራት ጀመሩ። ነፋሱ ሲዞር እሳቱ ከዛፍ ጫፍ ወደ ዛፍ ጫፍ እየዘለለ ከላያቸው ወረደ። ጓደኞቹ ሳቂታው የሚሉት ልጅ ለመሮጥ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ካናቴራው ቀልጦ ከጀርባው ጋር አንድ ሆነ። ሆስፒታል ነርሷ ስትልጠው ቆዳው አብሮ መጣ። «ይኮራ» የምትለዋ ብቻ አልላቀቅም ብላ እስካሁን ሥጋው ላይ አለች። መፈክሩን እንዲህ ከሕዝብ ልጅ ጋር ያዋሐደ ኃላፊ እኔ በበኩሌ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ በሬዲዮ ቀርበው የእህቴ ባል እጁ የተቃጠለው ሥልጠናውን ባለመከተሉ ነው ብለዋል። ጌታዬ፣ ሰውዬው የነደደው በመከተሉ ነው። የእርስዎ ማሠልጠኛ ያስተማረው፣ ጭስ ሲያሳውርህ ተንበርከክ፣ ቀኝ እጅህን ዘርግተህ ግድግዳ ፈልግ፣ ካገኘኸው አትልቀቅ፣ ግድግዳ በር ያደርስሃል የሚል ነው። በዚህ ትምህርት ከስንት ፎቅ ስንት ሰው አውጥቷል። ጫካ ውስጥም ጭሱ ሲያሳውረው ተንበረከከ፣ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ጠንካራ ነገር አገኘ፣ አልለቀቀም። ለካ ውስጥ ውስጡን የሚነድ ግንድ ኖሯል። ጓንቱን ሳቂታውን ጎትቶ ሲያወጣ ጥሎታል። አንዱ ጓደኛው በእርግጫ መትቶ አላቀቀው እንጂ መዳፉስ እዚያው ግንዱ ላይ ቀርቷል። ዛሬ ሸሚዙን የምትቆልፍለት እህቴ ናት። «በስተርጅና ሕፃን ልጅ አገባሽ አይደል?» እያለ ያሾፍባታል፤ እሷ ግን አትስቅለትም።

አራተኛው የመጣሁበት ጉዳይ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደዚያው ደን ከሚነሳው ሁለተኛ ዙር ጋር እንዲሄድ አዝዘዋል። ግራ እጁ ጤነኛ ነው ተብሎ ሲነገረው እህቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። የቀረችውን አንዲት እጅ ሥራ እንዳትፈታ የሚያስብ አለቃ ከየት ይገኛል? አልሄድም ማለት ይችላል እንዳይሉኝ፤ ጓደኞቹ ተሳፍረው እሱ ደጅ ቆሞ እንደማይቀር ያውቃሉ፤ የተማመኑትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ይተዉት።

ውለታዎን በቆዳቸው ተሸክመው በሚኖሩት ሁሉ ስም፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ፤ ምንም እንኳ እጅ በመንሣት እርስዎን የሚቀድም ባይኖርም።

አክባሪዎ፣
የባለ አንድ እጁ ሰውዬ አማች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እህቴ ደወለች። ሰኞ መኪናው ሊነሳ ሲል እሷ ከፊት ጎማው ሥር፣ የሳቂታው እናት ደግሞ ከኋላው ጎማ ሥር እንደሚተኙ ይወቁልኝ ብላለች። እህቴን አውቃታለሁ፤ ያለችውን አትተውም። ሾፌሩ ወደ ፊት ይንዳ ወይስ ወደ ኋላ የሚለው የእርስዎን ትእዛዝ የሚጠብቅ ነውና፣ እባክዎ ለአንድ ቀን እንኳ ቦታው ድረስ መጥተው፣ እያዩ ይዘዙ።