ሜዳ ነው ስላልከኝ መንገድ

ወንድም ዓለም፣ ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳልኝ። ለባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት፣ የሚነዳውን ሰው፣ የሚሄድበትን መንገድና የሚሸከመውን ክብደት ሳያውቁ የማርሹ ጥርስ ብዛት አይመረጥም። አንተ ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል አልነገርከኝም ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ ብስክሌትህ ቢመስልም ስለ ግራ ጉልበትህ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ ተስተካከለልህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ያ ሳሏ ለቀቃት? የባለቤትህ እናትስ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ከማጠሩ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። ባለቤቴም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ከኋላዬ ቆማ አየችና፣ «ተማሪ ቢያጣ ወንድሙን ሊፈትን ተነሣ!» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ብስክሌትህ ፊቷ አርባ ስምንት፣ ኋላዋ አሥራ ስድስት ጥርስ እንደነበራት ጽፈሃል። ስትረግጣት ብትከብድህ ሻጩ ጋ ወሰድካት፤ እሱም የፊቱን ወደ አርባ ሁለት፣ የኋላውን ወደ አሥራ አራት ቀየረልህ። «ጋሼ፣ ሁለቱም አንሰው ሳለ ለምን አልቀለለችኝም?» ነው ጥያቄህ። አርባ ስምንትን ለአሥራ ስድስት አካፍል፤ ሦስት ይሆናል። አርባ ሁለትን ለአሥራ አራት አካፍል፤ አሁንም ሦስት ነው። በፊትም ሆነ ዛሬ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞር የኋላ ጎማህ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የፊቱ ጥርስ ሲያንስ መርገጡ ይቀላል፣ የኋላው ሲያንስ ግን ይከብዳል። ሰውየው በአንድ እጁ የሰጠህን በሌላው ወሰደብህ። ሳያውቅ አድርጎት ይሆን? እኔ እንኳ መደርደሪያው ላይ የከረመበትን ዕቃ ያራገፈብህ ይመስለኛል። ማካፈልን እኔው ያስተማርኩህ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ አንድ ጊዜ አካፍለህ ብታየው ምን ነበረበት?

ይህን ያህል ጽፌ ፖስታውን ላሽግ ነበር፤ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። በደብዳቤህ ውስጥ «መንገዱ ሜዳ ነው» የሚል ሁለት ቦታ አለ። «ብቻዬን ነው የምሄደው» የሚልም አለ፣ ያውም ተሰምሮበት። ማን ጠየቀህ? አርባ ዓመት የተማሪ ደብተር ያረመ ሰው፣ ሳይጠየቅ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነገር ሲያይ ብዕሩ ይቆማል።

ስለዚህ ሰንሰለቷን እንዳይልህ የላክህልኝን ፎቶግራፍ አወጣሁና በማንበቢያ መነጽሬ ላይ ሌላ ማጉያ ደርቤ አየሁት። የኋላ ጎማህ ከፊተኛው ይልቅ አልቋል። ዕቃ መጫኛው ላይ ብርድ ልብስ አራት ቦታ ታጥፎ በገመድ ታስሯል። ከጎማው መሐል ግራና ቀኝ ደግሞ አጫጭር ብረቶች ተበይደዋል። መጀመሪያ ‘ከሚሠራበት መጋዘን ተሰናብቶ ካርቶን ማመላለስ ጀምሯል’ ብዬ ነበር። ግን ካርቶን ትራስ አይፈልግም፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ብረትም አያሻውም።

ያኔ ባለቤትህ በስልክ ያለችኝ ትዝ አለኝ። የምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ኮረብታው ጫፍ ላይ እንደሆነ ቀድሞ ጽፈህልኛል። አውቶቡሱ ቀረ ሲባል አዝኜላት፣ እንዴት ነው የምትደርሺው አልኳት። «እንዲያውም ከበፊቱ ቀድሜ ነው የምደርሰው» አለችኝ። በምን ስላት ሳቀችና «መላ አለን ጋሼ» ብላ ወሬውን ወደ ልጅቷ ጉንፋን አዞረችው። መላው አንተ ነህ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጥርጣሬ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና ሞከርኩት። የሰፈራችንን ብስክሌት ጠጋኝ ታስታውሰዋለህ፤ የመጣለትን ሥራ ሁሉ «አይሞከርም» ብሎ የሚጀምረውና ስሙም አይሞከርም ሆኖ የቀረው። የእኔንም ብስክሌት ልክ እንደ አንተዋ አንዱን ለሦስት አድርጎ ገጠመልኝ። መጀመሪያ ብቻዬን በሜዳው መንገድ እስከ ትምህርት ቤታችን ደርሼ ተመለስኩ። ስነሣ ትንሽ ከበደኝ እንጂ ከዚያ በኋላ የስልሳ ስድስት ዓመት ጉልበቴ አንዲት ነገር አላለም። ቀጥሎ አይሞከርምን ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው የሚወስደውን ዳገት ጀመርኩ። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት አይታን፣ «አባባ፣ ሙሽራዋን ቀስ አድርገው ይውሰዷት፣ እንዳትወድቅብዎ!» ብላ ገበያውን በሳቅ ሞላችው። አይሞከርም በበኩሉ ባርኔጣውን ይዞ፣ «መምህር፣ እኔ ልውረድና እርስዎን ልግፋ!» እያለ ይለምነኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ረገጥኩ። በአሥራ ሁለተኛው ጉልበቴ ተንቀጠቀጠና ቆምኩ። አይሞከርም ወርዶ ላቡን እየጠረገ (ላቡ ከምን እንደመጣ አላውቅም፣ የረገጥኩት እኔ ነኝ) «ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሚስቱን ይወዳል» አለኝ። አንተ እንዳላበድክ አውቃለሁ።

የኔ ጉልበት ጤነኛ ነው፤ የአንተ ግን ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የጉልበትህ ጅማት ተበጥሶ በተሰፋ ጊዜ አልጋህ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ «ይህ ጉልበት ለራሱ ሰው ይበቃል፤ ሌላ ሸክም አይጨመርበት። ዳግመኛ ከተበጠሰ የምሰፋው ነገር አላገኝም» ሲል አንተ ገና ከማደንዘዣው አልነቃህም ነበር፤ ቃል በቃል የነገርኩህ እኔ ነኝ። ስታገባ ደግሞ፣ ባለቤትህ ጠባሳውን አይታ ብትጠይቅህ «ልጅ ሆኜ አጥር ስዘል ነው» ብለህ እንዳለፍካት እየቀለድክ ጻፍክልኝ። እኔም ስቄ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ስህተት ነበር፤ ዛሬ አርሜዋለሁ። ባለቤትህ የሐኪሙን ቃል አታውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ። ብታውቅ ኖሮ እዚያ ብርድ ልብስ ላይ አንድ ቀን አትቀመጥም ነበር።

አሁን ቁጥሩን እሰጥሃለሁ። ብቻህን በሜዳ ከሆነ የፊቱን አርባ ሁለት ተወው፤ የኋላውን አሥራ አራት አስወጥተህ አሥራ ስምንት አስገባበት። ጎማው ሦስት ጊዜ መዞሩ ቀርቶ ሁለት ጊዜና ሲሶ ብቻ ይዞራል፤ ፍጥነት ትቀንሳለህ፣ ጉልበትህ ግን ያርፋል። ሰንሰለቱ ስለሚያጥር ማስረዘሚያ ያስፈልገዋል። ጥርሱን ሻጩ እስኪቆጥርልህ አትጠብቅ፣ ራስህ ቁጠር። የጀመርክበትን በጠመኔ ምልክት አድርግና ስትመለስበት እንዳትደግመው፤ እኔ ደግሜው አሥራ አራቱን አሥራ አምስት ብዬ አይሞከርም ሲስቅብኝ ዋለ። ሰው አሳፍረህ ዳገት ለመውጣት ግን የምልክልህ ቁጥር የለኝም። ሃያ ብታስገባ መርገጡ ይቀልልህ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ያው የሁለት ሰው ክብደት ነው። ሜዳውን በቀስታ አድርሳት፤ ዳገቱ ሥር ስትደርሱ ሁለታችሁም ወርዳችሁ በእግራችሁ እያወራችሁ ውጡ። ለዚህ ግን ለምን እንደምትወርድ ማወቅ አለባት።

የባለቤትህን እናት በአክብሮት ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ የዓይን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ያድርጉ። የትንሿን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለቤቴን ሁላችሁም በጣም ናፍቃችኋታል፤ ስለ እኔ ደግሞ ‘እሱ ክፉ ሐሳብ ነው የሚያበዛው፣ አትስማው’ በልልኝ ብላኛለች፣ አደራዋን አድርሻለሁ።

ለባለቤትህ ግን ሰላምታዬን በቃልህ አታድርስ፤ ይህንን ደብዳቤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረህ አንብብላት። አንብበህላት ከሆነ ከመልስህ ግርጌ እሷ በእጇ አንድ መስመር ትጨምርበት። ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ፤ አስመስለህ ብትጽፍ እለየዋለሁ። አሥራ አምስት ቀን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምልከው ፖስታ ላይ የሚጻፈው ስም የእሷ ነው። እኔ ከምነግራት አንተ ብትነግራት ይሻላልና፣ እባክህ ወንድሜ፣ ቶሎ መልስልኝ።

ወንድም ጋሼህ
ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን