ለባለቤቴ ሙከራዎች የተደረገው ምሕረት

ለተከበሩ የኮምፓይለር ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኔ የማሽኖቹ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሟች ባለቤቴ ደግሞ ኮምፓይለሩ የሰውን ፕሮግራም ወደ አሴምብሊ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ የትእዛዝ ቋንቋ፣ ሲቀይር እንዳይሳሳት የሚጠብቁትን ሙከራዎች የጻፈችው ናት። ትምህርቴ ጥቂት ነውና በአጻጻፌ ባጠፋ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ አዲሶቹ ማሽኖች ገብተው ሙከራዎቿ ሁሉ ወድቀው ቀይ ሲሆኑ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ስላደረጓቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ሙከራዎቹ የአሮጌውን ማሽን ትእዛዝ ቃል በቃል ይጠብቁ ነበር፤ አዲሱ ማሽን ግን ያንኑ ድምር በሌላ ትእዛዝና ቁጥር በሚይዝበት በሌላ ሬጂስተር ይሠራዋል። እርስዎም የሚጠበቀውን ትእዛዝ የያዘውን መስመር ከየሙከራው አስጠፍተው ገላገሉን። የበሽተኛን አፍ አፍኖ «ተሽሎታል» ማለት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ «ጋሼ፣ የሞተ ሰው ኮድ አይነካም የሚል ሕግ እኮ የለም» ብለው በሰው ፊት ስላጽናኑኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እውነትዎን ነው። ቤቴ ገብቼ ራሴን መረመርኩ፤ የምሟገተው ለሙከራዎቹ ነው ወይስ ለእርሷ? መልሱን ፈጣሪ ያውቃል። እርሷም ብትሆን ለአንድ ማሽን ብቻ ጽፋ ተሳስታለች። እርሷ ቆማ ትጸልይ ነበር፣ እኔ ጉልበቴ እምቢ ስለሚለኝ ተቀምጬ፤ አንድም ቀን «ያንተ አይቆጠርም» አላለችኝም። ይህንን ርኅራኄዋን ለሙከራዎቿ ለማስተማር ዕድሜ አልበቃትም።

ስለዚህ እንደነበሩ ይመለሱ አልልም። ማሽን ከማሽን የሚለያይበት ቦታ ለየብቻ ይጻፍ፤ ሬጂስተሩ የትኛውም ይሁን፣ ድምሩ መኖሩ ግን ይፈተሽ። ኮምፓይለሩ በመጪው ወር የሚሄደው መድኃኒት የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በባለቤቴ አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቁጥሩን አምኜ ነው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ የነበረው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ይቅር።

በየትኛውም ማሽን ላይ ቀይ እንዳያሳይዎ የሚለምንልዎ፣ የእርስዎ ታዛዥ፣
ሚስቱ የሞተችበት የማሽኖች ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ትናንት ለሙከራዎቹ በኮምፓይለሩ ውጤት ፈንታ አንዲት ፊደል የሌለበት ባዶ ፋይል ሰጠኋቸው። ሁሉም አለፉ። እንኳን ደስ አለዎት።