በአንድ ዲስክ ላይ ስለተቆጠሩት አሥራ አንድ ቅጂዎች

ለተከበሩ አቶ ሠረቀብርሃን አካሉ
የየካ ተራሮች የድምፅ ማኅደር ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎና እንቅልፍዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ እንቅልፍዎስ ደኅና መሆኑን ከሰኞው ስብሰባ ተረድቻለሁ።

እኔ ጉርድ ሾላ ያገለገለ ኮምፒውተር የምሸጥ፣ የዋልኩበትንም ማታ በማስታወሻዬ የማሰፍር ነጋዴ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ወልደገብርኤል እንጦጦ ማርያም ያዜሙትን ሠራተኞችዎ በካሴት ቀድተው ወስደዋል። አባቴ ካረፉ ወዲህ ድምፃቸው ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። አሁን ሁሉም ወደ ኮምፒውተር ስለተገለበጠ ካሴቶቹ ቅዳሜ እንደሚወገዱ ስላበሠሩን፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እያንዳንዱ ድምፅ በአራት ድራይቭ፣ ማለትም በሲ፣ በዲ፣ በኢና በኤፍ፣ መቀመጡን በመግለጽዎ እናመሰግናለን። የማኅደሩን ኮምፒውተር ሳጥን በፈቃድዎ ከፍቼ ያገኘሁት ግን አንድ ዲስክ ነው። አራቱ ፊደላት የእርሱ ክፍልፋዮች ናቸው። ባለ አራት መሳቢያ ቁም ሣጥን ያው አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ ሲቃጠልም አራቱ መሳቢያ አብሮ ይነዳል።

፪. በሰባቱ ሠራተኞች ኮምፒውተር ላይ ዜድ የሚባል ድራይቭ ስለሚታይ፣ ይህም ሰባት ተጨማሪ ቅጂ ተብሎ መቆጠሩን በአድናቆት ሰምቻለሁ። ሰባቱም በየመስኮታቸው የሚያዩት ያንኑ አንድ ዲስክ ነው። በዚህ አቆጣጠር ለጥበቃውም አንድ ኮምፒውተር ቢሰጡት ማኅደሩ ይበልጥ ይጠነክር ነበር።

፫. «ባካፕ»፣ ማለትም መጠባበቂያ፣ የተባለው ፎልደርም እዚያው ኤፍ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

፬. ይህንኑ በስብሰባው ሳስረዳ «አይ አቶ እንድርያስ! ገበያ ቀዘቀዘ መሰል፣ ዲስክ ሊሸጡልን መጡ!» ብለው ቤቱን ስላሳቁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያልሳቁት እማማ ወርቅውሃ ብቻ ነበሩ። ሟች እህታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ያንጎራጎረችው እዚያው እርስዎ ዘንድ ነው። ስንወጣ እጄን ይዘው «ልጄ፣ እህቴ ያለችው ካሴቱ ውስጥ ነው ወይስ ሳጥኑ ውስጥ?» አሉኝ። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ድምፁ ሁሉ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ በሌላ ቤት እስኪቀመጥ ድረስ ካሴቶቹ ከግቢ አይውጡ። ዲስኩን ከእኔ አይግዙ፤ ከፈለጉ ከተፎካካሪዬ ይግዙ፣ ሱቁን እኔው አሳይዎታለሁ።

ለሥልጣንዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ከዚህ ጋር አያይዤ፣ የደብዳቤውንም ቅጂ ጎረቤት ቤት አስቀምጬ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

እንድርያስ ወልደገብርኤል
ጉርድ ሾላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ሳሽግ ከሠራተኞችዎ አንዷ ደወለችልኝ። ሳጥኑ ከጠዋት ጀምሮ ቀጭ፣ ቀጭ ማለቱን፣ እርስዎም «ማራገቢያው ነው» ብለው በሩን ማስዘጋትዎን ነገረችኝ። ስልኩን ወደ በሩ እንድታስጠጋው ለመንኳት፤ ሰማሁት። ሱቄ ውስጥ ዲስክ ሊሞት ሲል የምሰማው ድምፅ ነው። ክቡር ሆይ፣ ማራገቢያው አይደለም።