ቀስ ብለን የምንወርድባት ኮረብታ

ውድ ልጄ መቅሊት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልሽ ሆን ብዬ ነው። ስደውልልሽ «እማዬ፣ አይም ኦኬይ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ ቴክስት ሳደርግልሽ አውራ ጣት ትልኪልኛለሽ። በሰንበት ትምህርት ቤት የቆጠርሽውን ፊደል ግን አንድ በአንድ እየለቀምሽ ማንበብ ግድሽ ነው። በሕይወትሽ አንድ ነገር እንኳ ቀስ ብለሽ ጨርሺልኝ።

አባትሽ ደህና ነው። ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ይውላል፤ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ልጅ እንዳለችው ሳይሰማ ከመኪናው የሚወርድ ተሳፋሪ የለም። አንቺ ውድድሩን ብታቆሚም እሱ ወሬውን አላቆመም።

ከገና በኋላ ደውለሽ «ጋራዥ ያለውን ስኪ ለሚፈልግ ሰው ስጡልኝ፣ አይም ደን» ብለሽ መንሸራተቻሽን የተውሽ ዕለት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይህን ቃል ከአፍሽ ለመስማት የተሳልኩት ጃንጥላ ቢደረደር ቤተ ክርስቲያኑ አይበቃውም። ግን ደስ አላለኝም። ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ።

በርንስቪል ያለችውን የመንሸራተቻ ኮረብታ መጀመሪያ ያየን ቀን ትዝ ይልሻል? አባትሽ «ይቺ ናት? እኛ አገር ይቺ ጉብታ ናት፤ ስም እንኳ አይወጣላትም» ብሎ ሳቀ። አንቺ ግን ወደ ላይ የሚጎትተውን ገመድ ይዘሽ ስትወጪና ስትወርጂ ጓንትሽ ተበሳ። ከዚያች ጉብታ ተነስተሽ ኮሎራዶ ደረስሽ፣ ከዚያም ኦስትሪያ። እኔ ሮቢንስዴል ካለው ሆስፒታል ከሥራ እንደወጣሁ መጥቼ ከታች እቆም ነበር። ሌሎቹ እናቶች «ጎ፣ ጎ» ሲሉ እኔ «ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ» እላለሁ። እንዲህ ያለ ደጋፊ የነበራት ተወዳዳሪ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም።

የአባትሽን ካውያስ ረሳሽው? ስኪሽ እንዲንሸራተት ሰም የሚቀባው በቤታችን ካውያ ነበር። እኔ ሳላውቅ ለገና የሀበሻ ቀሚሴን በዚያው ተኮስኩበት፤ ሰሙ ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማኅበራችን ቅድስት አየችኝና «እትዬ ጽጌሬዳ፣ ጧፍ ፈሰሰብሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ፤ ምን ልበላት ታዲያ? ሰሙ ቀሚሱን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ አንቺ ግን በዚያ ሳምንት ሁለተኛ ወጣሽ።

ኦስትሪያ ላይ የወደቅሽበትን ቀን አልደግመውም። እኛም በስልክ እያየን ነበር። አሁን ጉልበትሽ ድኗል፣ ሐኪሙም ተንሸራተቺ ብሎሻል፤ አንቺ ግን ዓመት ሙሉ በረዶ አልረገጥሽም። ውድድሩን መተውሽ አያሳስበኝም፤ ሮጠሻል፣ ይበቃሻል። የሚያሳስበኝ ፈርተሽ መቅረትሽ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ የወደድሽው ነገር በአንድ ክፉ ቀን እንዲዘጋብሽ አልፈልግም።

ያልሽኝን ለማድረግ ስኪሽን ጭኜ ወደ ኮረብታው ሄድኩ፤ ለአያንቱ ልሰጣት። አብራሽ ያደገችው አያንቱ አሁን እዚያ ጀማሪዎችን ታስተምራለች። አልቀበልም አለችኝ።

«አንቲ፣ እኔ የመቅሊትን ስኪ አልወስድም። አንቺ ራስሽ ለምን ትራይ አታደርጊም?» አንቺና እርስዎን ዛሬም አትለይም።

«እስቲ አምጪው» አልኳት። ይቺ አፌ መቼም አታርፍም።

መቅሊትዬ፣ እናትሽ ስኪ ጀምራለች። ሳቅሽን ጨርሺና ቀጥይ።

ቁመታቸው ወገቤ ከማይደርስ ሕፃናት ጋር ተሰለፍኩ። ጫማው እግር ብረት ነው። አያንቱ ከኋላዬ «ፒዛ አድርጊ አንቲ፣ ፒዛ!» ትላለች፤ ለካ እንደ ፒዛ ቁራጭ የስኪውን አፍ ገጥሞ ጭራውን መክፈት ነው፣ ፍሬን መያዝ ማለት ነው። ዓርብ ቀን፣ በጾም አፌ፣ ስንት ጊዜ ፒዛ እንዳስባለችኝ አትጠይቂኝ። ስወድቅ አንዷ ሕፃን እጇን ዘርግታ «ዩ ካን ዱ ኢት» አለችኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ለአባትሽ ኦቨርታይም ነው የምሠራው ብዬው ነበር። ጉልበቴ በልዞ ሲያይ አወጣጣኝ፤ ሶፋው ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ካውያውን ፍለጋ ሄደ። እኔም ቀሚሴን ደበቅኩ።

ባለፈው ቅዳሜ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣው ወንበር ወጥቼ ከኮረብታው ጫፍ ቆምኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከታች ሆኜ ሳይሽ የሚታየኝ መውደቂያሽ ብቻ ነበር። ከላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ነፋሱ ፊትሽን ይነካካዋል፣ እግርሽ ራሱ እንሂድ እንሂድ ይላል። ለምን እንዳልሰማሽኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞም ፈራሁ። ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ ይኖራሉ ለካ። ወረድኩ፣ መሐል ላይ ወደቅኩ፣ ተነስቼ ጨረስኩት። አያንቱ አቀፈችኝ፤ እኔ ግን ማቀፍ የፈለግኩት አንቺን ነበር።

ስለዚህ ስኪሽን ለማንም አልሰጠሁም። ጋራዥ ተመልሷል፣ ሰሙም ተቀብቷል። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ስትመጪ በረዶው ገና አያልቅም። ሰዓት የሚይዝብን አይኖርም፤ ቁጥር የተጻፈበት ሰደርያም የለም። እኔ ፒዛዬን ይዤ ከፊት እሆናለሁ፤ አንቺ ከኋላዬ ነሽ። ከፈራሽ ንገሪኝ፣ ቆመን እንጠብቃለን፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሚሄደው።

ምናልባት እኔ ከፈጠንኩብሽ ደግሞ ከኋላ ጩኺብኝ። ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።

ከላይ የምትጠብቅሽ
እናትሽ ጽጌሬዳ
ሪችፊልድ