ታፔላው አይወርድም

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ በኋላ

ዛሬ አምስት ጆሮ በሳሁ። አምስት! ደብተሬ፣ ጎዶሎ ቁጥር መሆኑን ልብ በይ።

ከጅጋ አንዲት ሴትዮ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ መጣች። ቀኙን በሳሁ፣ የብር ቀለበቷን አስገባሁ። ልጅቱ ለቅሶዋን ሳትጨርስ እናትየዋ ቅቤ ፈታች፣ ቁስሉን ልትቀባ። እጇን ያዝኩ። ቅቤ ለጸጉር ነው፣ ለዚህ ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ነው አልኳት። ተቀየመች። የማን ልጅ ነሽ አለችኝ? የገበሬ። ታዲያ ብር መቀጥቀጡን ከየት አመጣሽው? ቡሬ ካሉት ከቀጥቃጩ ከአያ ሙሉ ተማርሁ ስላት የልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና ውልቅ። ዓይኔ እንዳይበላት መሆኑ ነው። ግራ ጆሮዋ ሳይበሳ!

ትሂድ። አንድ ጆሮ ይዛ የት ትደርሳለች? ሳቄም መጣ፣ እልሄም መጣ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

በወናፍ እሳቱን ሳላያይዝ እማዬ ደወለች። የታናሽ እህቴ የትርንጎ ሰርግ ጥር 18 ሆኗል። ደስ አለኝ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። የሙሽራው እናት ወ/ሮ አንጓች ሰው ልከው አስጠይቀዋል፦ ታላቅየዋ ቀጥቃጭ ናት ወይ? እማዬ ምን መለሰች? ሱቅ አላት ብላ አለፈች። አሁን ሰርጉ እስኪያልፍ ታፔላሽን አውርጂ አለችኝ።

ታፔላዬ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ጌጥ ለማይስማማው ጆሮ፤ እንበሳለን፣ ጉትቻ እንሠራለን። ምኑ ያሳፍራል?

በ14 ዓመቴ የገበያ ጉትቻ አድርጌ ጆሮዬ መገለ። ዓይን ነው ተባልሁ። ጠበል ወረድሁ፣ ጉትቻውን ግን ማንም አላወለቀልኝም። የግራ ጆሮዬ ጫፍ እንደተሰነጠቀ ቀረ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት በርካሽ ጉትቻ ውስጥ ያለ ኒኬል የሚባል ብረት እንደማይስማማኝ የነገረችኝ። ኒኬል የሌለበት ጉትቻ የሠሩልኝ ደግሞ አያ ሙሉ ናቸው። ሰው የእሳቸውን መስቀል አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ እጃቸውን ግን አይጨብጥም።

እማዬን አስብበታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። አያ ሙሉን አማከርኳቸው። እምቢ በይ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ሞረዳቸውን አስቀምጠው፣ «ዝጊው፣ ልጄ። ሥራ የትም አይሄድ። እኔስ ስንት ሙሽራ አስጊጬ የአንዷን እንኳ ዳስ መች አየሁ» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ከሰደበኝ ይልቅ ይህ አናደደኝ። 40 ዓመት ሠርተው! እሳቸው ለምደውታል። እኔ አልለምደውም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ትርንጎ ሻሽ ተጠምጥማ መጣች። ፈታሁት። አወይ ጆሮ! ሁለቱም አብጠዋል፣ መግል ይዘዋል። በገና ማግስት በቀለበቷ ዕለት ወ/ሮ አንጓች በእጃቸው ያጠለቁላት ባለወርቅ ቀለም ጉትቻ ነው። ባወልቀው ይቀየሙኛል ብላ ሳምንት ሙሉ ችላዋለች። ላዩ ላይ ቅቤ። ቅቤ! የእኔ እህት!

አወለቅሁት። አጠብሁላት። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ መድኃኒት ተሰጣት። ስንመለስ እያለቀሰች ለመነችኝ። እሳቸው ሳያውቁ ቁርጥ እሱን የመሰለ ልሥራላት፣ ወርቅ ልቀባው።

አሳዘነችኝ፣ ደብተሬ። እምቢ ማለት ግን ነበረብኝ። ልሠራልሽ እሠራለሁ፣ ግን ነጭ ብር ነው፣ ነጭነቱም ይታያል፤ ማን ሠራው ካሉሽ እህቴ ትያለሽ አልኳት።  ሻሿን መልሳ ጠመጠመች።

ክፉ ነኝ እንዴ?

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጉድ ነው የዛሬው። ወ/ሮ አንጓች ራሳቸው ሱቄ መጡ! እማዬ ከኋላ። ታፔላውን ቆመው አነበቡ። ወንበር አቀረብሁ፣ ተቀመጡ። ለትርንጎ የሠራሁትን የብር ጉትቻ አንስተው በጣታቸው መዘኑ። መዶሻው ያረፈበት ይታያል። ቆንጆ ነው አሉ። ከአፋቸው ሾልኮ ነው መሰለኝ።

ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ። ልጅቱ ብሩን ታድርግ፤ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው ይባል፣ ነገሩም በዚሁ ይብቃ። እማዬ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። እሺ በይ ማለቷ ነው።

አንገቴን ደፍቼ፣ ቃሌን ግን ሳልሰብር፣ «ይቅርታ ያርጉልኝ፣ እትዬ። አዲስ አበባ አይደለም የተሠራው» አልኳቸው።

የተሰነጠቀ ጆሮዬን አዩት። ማን እንዲህ አደረገሽ አሉኝ? ለትርንጎ እንዳጠለቁላት ያለ ጉትቻ፣ አልሁ። ፊታቸው ተለወጠ። ሳይመርቁኝም ሳይረግሙኝም ተነስተው ወጡ። እማዬ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው አላናገረችኝም። ሰርጉን አፍርሰሽ እህትሽን ከደጅ ብታስመልሻትስ አለችኝ በመጨረሻ።

 ፈራሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ከወ/ሮ አንጓች አንድም ቃል የለም። ሰርጉ ነገ ነው። ትርንጎ ትናንት መጥታ ጉትቻዋን ወሰደች። ጆሮዋ ድኗል። መስታወት ፊት ብዙ ቆየች። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቋት ምን እንደምትል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ጠዋት የጅጋዋ ሴትዮ ብቅ አለች። ሰላምታ የለ። ተቀመጠችና የልጇን ግራ ጆሮ ወደ እኔ አዞረችልኝ። ቀኙ ጥርት ብሎ ድኗል። በሳሁላት። ቅቤም አልፈታች። ስትወጣ ጨው ስንት ማንኪያ ነው ብላ ጠየቀች። ይኸው ነው።

አሁን ለአያ ሙሉ ደወልኩላቸው። ነገ የትርንጎ ሰርግ አብረን እንሄዳለን፣ የእኔ እንግዳ ነዎት አልኳቸው። ሳቁ። ማን ያስገባኛል አሉ። እኔ፣ የሙሽራዋ እህት!   ከዚያ፣ «ጋቢዬ ሳይታጠብ?» አሉኝ።

ቆርጫለሁ፣ ደብተሬ። ታፔላው አይወርድም። ነገ በጠዋት ቡሬ ወርጄ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ይዣቸው ዳሱ ውስጥ እገባለሁ። ጥግ ላይ አይደለም፣ መሐል። ከአንድ ትሪ እንበላለን። አጠገባችን የሚቀመጥ ከጠፋም ለሁለት እንበላለን። መጀመሪያ የማጎርሰው እሳቸውን ነው፣ ወ/ሮ አንጓች እያዩ።