ጃንጥላዬን የጣልኩበት ጨዋታ

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት በኋላ
ከዳቦ ቤቱ ጓዳ

ለምወድህ የበኩር ልጄ፣ ለዚያ ግትር፣

ደህና መሆንህን በመጠየቅ ልጀምር ነበር። ግን እናቱ እያለቀሰች ስልኩን ጆሮዋ ላይ የሚዘጋ ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ለማንኛውም ደህና ሁንልኝ፣ አፈር ስሆን። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳም፤ ብታነሳም እኔ ማልቀስ እንጂ መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ወዳለህበት ከተማ ሲሚንቶ የሚያመላልሰውን ሹፌር ለምኜ ይህን ሰደድኩልህ። አውቶቡስ ሳትሳፈር እጅህ እንዲያስገባው አስምዬዋለሁ።

«እመጣለሁ፤ የወንድሜን እግር የሰበረውን ያንን የጡብ ፋብሪካውን ሰው፣ ግንቡን፣ ደሙን ሳላፈስ አልመለስም» አልከኝ። ስትናገር አልጮህክም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። አባትህም ነፍሱን ይማረውና የምሩን ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። እንግዲህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው። መሃል ላይ ቀደህ ብትጥለው ወየውልህ!

ያንን ወሬ የነገረህ ምድጃ እንደሆነ አውቃለሁ። አብሮ አደግህ ነው፣ እኔም ልጄ ነው የምለው፤ ከዳቦ ቤታችን እሳት ፊት ነቅነቅ አልል ብሎ ስሙ እንኳ ምድጃ ሆኖ ቀረ። ዋሸህ አልልህም። ያየ የመሰለውን ነው የነገረህ። ጉዱ ግን በዚያች ሰዓት ምንም አላየም።

ጨዋታው ያው እንደ ሁልጊዜው ዳቦ ቤት ከጡብ ፋብሪካ ነበር፣ ሸክላ አፈሩ ከሚቆፈርበት ጀርባ ባለው ሜዳ። አንተም ታውቀዋለህ፤ ጉልበትህ ላይ ያለውን ጠባሳ የሰጠህ እሱ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ማንም ጤነኛ ሰው «ለሌላ ቀን ይሁን» ይል ነበር፤ ነገር ግን አምና ተሸንፈን ዓመቱን ሙሉ በመስኮቱ በኩል ዳቦ ሲገዙ «እናንተ ከሊጥ ሌላ የሚመታ ታውቃላችሁ?» እያሉ አቃጥለውናል። የእኛዎቹ ደማቸው ፈልቶ ነው የገቡት። እኔም፣ ልዋሽህ አልፈልግም፣ ከእነሱ አላንስም ነበር። አንተ የላክልኝን ጥቁር ጃንጥላ ይዤ ከመስመሩ ዳር ቆምኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ዳኛው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ከሚያስፈራራ ይልቅ የሚለማመጥ ሰው። ገና ከመጀመሩ ከቁጥጥሩ ወጣ። የጡቡ ክንፍ ተጫዋች የእኛን ሊጥ አቡኪ አፉን በክርኑ አለው። አቡኪያችን ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ አየው፣ ኪሱ ከተተውና ጨዋታውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ የእኛ በረኛ መሬት ላይ የወደቀ ልጅ ጣቶችን ሆን ብሎ ሲረግጥ በዓይኔ አየሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ጭቃው መጣ። ያ ቀይ ጭቃ ነጩንም ሰማያዊውንም ማልያ አንድ ዓይነት አደረገው። ማን የማን እንደሆነ ጠፋ። ታናሽህ ኳሷን ደግሞ ደጋግሞ ለጡብ ሰዎች አቀበለ፣ እነሱም «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ተቀበሉት። አንዷን ጎል ያገቡብን እንዲያ ነው።

እረፍት ላይ ሁሉም የቆርቆሮው መጠለያ ሥር ሲሰበሰብ ምድጃ «ምልክት ያስፈልገናል፤ ራሳችንን በራሳችን ልንጨርስ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የዳቦ ማመላለሻው ጋሪ ላይ ባዶ የዱቄት ጆንያዎች ነበሩ። እነሱን እየቀደደ ለእኛ ልጆች ሁሉ ግንባራቸው ላይ አሰረላቸው። ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። በጣም ደስ አለን፤ ብልህ ነው አልን። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው፣ ልጄ። የዱቄት ጆንያ ብታራግፈው ብታራግፈው ከክሩ ውስጥ ዱቄቱ አይወጣም። እኛ ደግሞ ዱቄት ውስጥ ስለምንውል ዱቄት አይታየንም።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ በረዶው ወረደ። መጀመሪያ ሽምብራ ያክላል፤ ወዲያው ግን ራስ የሚፈነክት ሆነ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለው ሰው የሚለውን አልሰማም። ፀጉር አስተካካዩ ጨዋታውን ሊያቆም ፊሽካውን ነፋ፤ ገሚሱ አልሰማም፣ የሰማውም እምቢ አለ። በዚያ ውሃ መሃል ከእያንዳንዱ ጥምጥም ሊጥ መውረድ ጀመረ። እውነተኛ ሊጥ! ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ ሽፋሽፍታቸው ተጣበቀ፣ በእጃቸው ባሹት ቁጥር ይብስባቸዋል። ቡድናችን በሙሉ ዕውር ሆኖ ሜዳ ላይ ሲዳብስ አይቼ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ሳቅሁ።

ሳቄን ሳልጨርስ ነው የሆነው። ኳሷ ከጡቦቹ ጎል ፊት ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ታናሽህ ከወዲህ ሮጠ። ግንቡ ከጎሉ በኩል መጣ። ከወዲያ ደግሞ የሆነ ሌላ ሰው መጥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ እግሩን ሰነዘረ። ማን መሆኑን ያኔ አልለየሁትም፣ ሁሉም ጭቃ ነው። በዚያ ሁሉ በረዶ መሃል የተሰበረው እግር ድምፁ ተሰማኝ፤ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር እንደሚለው አለ። ወንድምህ በፊቱ ውሃው ውስጥ ተደፋ። የቀሩት አላዩትም፣ በላዩ ላይ ቆመው ኳሷን ሲራገጡ ጫማቸው ጀርባውን፣ አንገቱን ያገኘዋል።

እንግዲህ እኔ ከቆምኩበት ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ። ግንቡ፣ ያ ግድግዳ የሚያክል ሰው፣ ልጄ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። አንዱ «ገደለው!» ብሎ ጮኸ። ምድጃ ዓይኑ በሊጥ እንደተደፈነ «ግንቡ ነው! ግንቡ ሰበረው!» አለ።

ሜዳው ተገለበጠ። ከመስኮቱ ሆኜ በየጠዋቱ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ የምላቸው ሰዎች፣ ጨዋ የምላቸው፣ የጡብ ስባሪ እያነሱ ገቡ። የማዕዘኑን ባንዲራ እንጨት ነቅሎ የገባም አለ። ጡቦቹም አካፋቸውን ይዘው መጡ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ፣ ጭቃው ደም ለበሰ፣ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ተፈንክቶ ፊሽካው አፉ ውስጥ እንዳለ ተንበረከከ። ግንቡን ከበው ጎኑን በእርግጫ ይሉታል። ሰውየው እጁን አላነሳም። እጆቹ ሁለቱም ታናሽህን አቅፈው ነበር። ቢፈልግ እኮ የዚያን ሁሉ ሰው ግማሹን ጠራርጎ ይጥል ነበር፣ ታውቀዋለህ።

ከዚያ አንድ ጃንጥላ መጣ። ጫፉ ሹል ብረት ነው። ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጩኸቱን እስካሁን ሊጥ ሳቦካ እሰማዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ልጄን አልለቀቀውም።

በዚያ በረዶ ያልያዘ ሰው አልነበረም፣ ሜዳው ዙሪያውን ጥቁር ጃንጥላ ነበር። ፖሊስ ቢጠይቅ ቢጠይቅ የማን እንደሆነ የነገረው አልተገኘም።

እውነቱን የሰማሁት ሆስፒታል ነው፤ ታናሽህ ከማደንዘዣው ሲነቃ። «እማ፣ ግንቡስ?» አለኝ መጀመሪያ። «እሱን ተወው፣ ይሙት!» ብዬው እርፍ። «እማ፣ ምን ነካሽ? የመታኝ ምድጃ እኮ ነው! ግንቡ ‹የራስህ ሰው ነው፣ አቁም!› እያለ ይጮህበት ነበር። ፊቴን ከውሃው ያወጣው እሱ ነው። ባይወድቅብኝ ኖሮ ረግጠው ይጨርሱኝ ነበር» አለኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ እጆቼን ስመለከት ነርሷ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

የወንድምህ እግር ብረት ገብቶለታል፤ ይሄዳል ብለዋል፣ ኳሱን ግን ይርሳው። የግንቡን ዓይን ማዳን አልቻሉም።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ ምድጃ እንዳታዞረው! ሰውየው እውነቱን ሲሰማ ልጄ እግር ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዳቦው እያረረ ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ያማርራል፤ እኔም ማልቀስህን ተውና እሳቱን ተመልከት ብዬ እቆጣዋለሁ፤ ሌላ ምን ልበለው? ለአንተ ደውሎ ማስተካከል አቃተው። አፈረ። ስለዚህ እኔ ነገርኩህ።

ግንቡ የት እንዳለ ምድጃ አልነገረህም መሰለኝ። የፋብሪካው ሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ነበር የሚኖረው። ቁስሉን ይዞ ጡብ መተኮሻው እሳት ፊት መቆም ስላልቻለ አልጋውን ለሌላ ሰው ሰጡበት። እዚህ ዘመድ የለውም፤ እናቱም በሕይወት የለችም። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ልብሱን በላስቲክ ይዞ ተቀምጦ ሳገኘው ክንዱን ይዤ ወደ ቤት አመጣሁት። ምን ላድርግ? እምቢ ብሎኝ ነበር፤ «እማማ፣ አይልፉ» ይለኛል። ተቆጣሁት፤ እኔ ስቆጣ ደግሞ ታውቃለህ።

የተኛው አንተ አልጋ ላይ ነው። ብርድ ልብሱም የአንተ ነው። እንዳትናደድ። ከወንድምህ ጋር ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ምድጃ ያን ዕለት ሲመታ ኳሷ አብራ ሄዳ ጎል ገብታለች ይላል ታናሽህ፤ እኩል ለእኩል ነው የወጣነው ይላል። ግንቡ ደግሞ «በምን ዓይንህ አየኸው፣ ሊጥ ተለጥፎብህ?» ይለዋል። ወንድምህ ተናዶ «አንተስ በስንት ዓይንህ አየህ?» ብሎት ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ዝናብ አግኝቶኝ እስከ አጥንቴ ርሼ ገባሁ። ግንቡ ፎጣ አቀበለኝና ባለችው ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እማማ፣ ጃንጥላ ይዘው ይውጡ እንጂ፤ ይታመማሉ» አለኝ። «ጠፋብኝ» አልኩት። «ሌላ ይግዙ። እኔ አይከፋኝም» አለ። ከዚያ ታናሽህን እግሩን ሊያዞርለት ሄደ። ፎጣውን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ ደም ማፍሰስ ከሆነ ጉዳይህ፣ ዘግይተሃል። ለወንድምህ የተቆጣ ሰው ከዚህ ቤት ቀድሞሃል። አንተ አሁን የሚሰማህ እሳት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ደስ ይላል፣ ሰውን ትክክል የሆነ ያስመስለዋል። በኋላ ግን ከዚያ ሰው ጋር ማዕድ ላይ ትቀመጣለህ፤ ዳቦውን በየት በኩል እንዳስቀመጥክለት ስለማያይ እጁን ይዘህ ታሳየዋለህ። ይህ በአንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ልጄ፣ እለምንሃለሁ፣ በወለድኩህ ማህፀን ይዤሃለሁ።

አትምጣ አልልህም። ና። ናፍቀኸኛል፣ ዓይኔ እስኪፈዝ መንገድ እያየሁ ነው። ግን ኪስህም እጅህም ባዶ ይሁን። ስጦታም አትግዛልኝ፤ በተለይ ያንን ዕቃ አደራህን አትግዛ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ቁጣህን ያብርድልህ፣ የሰው ደም ካለበት ነገር ሁሉ እጅህን ይጠብቅልህ። እኔ የወለድኩት ሁለት ነበር፤ ስትገባ ሦስት ሆናችሁ ልያችሁ።

ስትደርስ እኔ ዳቦ ቤት ነኝ፣ ወንድምህ ደግሞ ከአልጋ አይነሳም። በሩን የሚከፍትልህ ግንቡ ነው። ስታንኳኳ ቶሎ ካልከፈተልህ አትቆጣ፣ በሩንም አትደብድብ፤ መቀርቀሪያው በቀኝ በኩል ስለሆነ በእጁ እየዳበሰ ነው የሚያገኘው።

የምትወድህ፣
እናትህ